በሬን ጅብ በላብኝ

የሰው ልጅ ከአባቱ ከአዳም ጀምሮ እንጨት ሲሰነጥቅ፣ ሳንቃ ሲጠርብ ኖሯል። ሳንቃውን መልሶ ፈጭቶ ከዱቄቱ እንደገና ሳንቃ የመሥራት ጥበብ ግን ባላምባራስ ወልደአማኑኤል አዳማ እስኪመጡ ድረስ ተሰውሮ ቆየ። አገር ይህን ያህል ዘመን ሳያፍር እንዴት እንደኖረ ይገርማል።

ባላምባራስ አንድ ጊዜ በባቡር ጅቡቲ ደርሰው ነበር። እዚያ አንድ ግሪክ ሱቅ ውስጥ ኮምፔንሳቶ የሚሉትን ስስ ሳንቃ አዩ። «ተጣብቆ ነው» አላቸው ግሪኩ። ሌላ አልጠየቁም፤ ብዙ የሚጠይቅ ሰው ያልገባው ነው ብለው ያምናሉና። እንደተመለሱ አዲስ አበባ ላሉት የበላያቸው፣ ለደጃዝማቹ፣ «ከዚህ የተሻለ እሠራለሁ» ብለው አስታወቁ።

ደጃዝማቹም «መጥቼ አያለሁ፤ እውነት ከሆነ የሳንቃ ሹም አደርግሃለሁ» አሏቸው። የሳንቃ ሹም የሚባል ሹመት ከዚያ በፊት ኖሮ አያውቅም። ባላምባራስ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለሱ መኖር አቃታቸው።

ምርምሩ ዱቄት ፈለገ፤ ዱቄቱም እንጨት። በአካባቢው የሞላው ግራር እሾኻም ነውና ለዚህ ክብር አልበቃም ተባለ። በግቢው ውስጥ የነበረው ደህና እንጨት የጋጣው በር ብቻ ነው። የባለቤታቸው የወይዘሮ ሸዋወርቅ አባት ልጃቸውን ሲድሩ፣ ከአንዲት ዳማ በቅሎ ጋር ከአርሲ ደጋ ያስመጡላት የዝግባ በር ነበር።

«ባላምባራስ፣ በሩን ለምን ነቀሉት?» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ።

«ሊሻሻል ነው።»

«ደህና በር አልነበረም?»

«እሱ ነው ችግሩ። ደህና ነገር ካልተሻሻለ ደህና እንደሆነ ይቀራል።»

«በቅሎዬስ?»

«የተሻሻለ በር ይዘጋባታል።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ በቅሎዋን ከባላቸው እኩል ይወዷት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ትንሽ አስበለጧት።

በሩ በመጋዝ ተፈጨ፤ ሰጋቱራው በአቁማዳ ተሰበሰበ። ለማጣበቂያ የሚሆን ቁርበት፣ ጅማትና ሰኮና በትልቅ ጎላ ተቀቀለ። ሽታው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ መንገደኛ ይቀበል ነበር። ከዚያ ሁሉም ባንድነት ተቦክቶ፣ የሐዲድ ስባሪ ተጭኖበት፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። የወጣው ነገር በእርግጥ በር ይመስላል፤ በተለይ ከሩቅ ላየው።

ጎረቤታቸው አያ መርዳሳ አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው መጡ።

«ማሎ ባላምባራስ! ይሄ እኮ ቁርበት ነው። ቁርበት የሚወድ ጎረቤት ደግሞ አለን፤ ሲመሽ ከጫካው ይመጣል።»

«አያ መርዳሳ፣ ጅብ ስለ ሳንቃ ምን ያውቃል?»

«ስለ ሳንቃስ አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኛው ግን ባገሩ ተቀምጦ፣ ሳይለምን ቁርበቱ ቆሞለታል።»

ባላምባራስ ይህን ቅናት ነው ብለው አለፉት። በሩም በንግግር ተመረቀ። «ይህ በር የሚዘጋው ጋጣን ብቻ አይደለም፤ ድንቁርናንም ነው!» አሉ። ድንቁርናው ከውጭ ይቀር ወይስ ከውስጥ ይዘጋበት ግን አላብራሩም።

በማግሥቱ በሩ የለም። ማጠፊያዎቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል። ጅቡ ሰኮናውን ከሰጋቱራው ሳይለይ እስኪጠግብ በልቶ፣ በቅሎዋን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሄዷል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አንገቷን አቅፈው «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ አለቀሱ።

ባላምባራስም ማልቀስ አማራቸው፤ በሌላ ምክንያት። ደጃዝማቹ ሊመጡ ነው፣ የሚታይ በር ደግሞ የለም። ጉዞውን ለማስቀረት ጣቢያ ድረስ ሮጠው ቴሌፎኑን ያዙ።

«ጌታዬ፣ በሬን ጅብ በላብኝ!»

ሽቦው ቃሉን እህህ እያለ አደረሰው።

«በሬህን?» አሉ ደጃዝማቹ።

«አዎ… ማለቴ… ለእርስዎ ብዬ ያሰናዳሁትን…»

«ለኔ መቀበያ በሬ አስረህ ኖሯል!» የደጃዝማቹ ድምፅ በሐዘን ለሰለሰ። «ስንቱ ሹም ነው በባዶ እጁ የሚቀበለኝ! አይዞህ፣ ልጄ። ሳንቃውን ማየትም አያሻኝ። ሹመቱ ያንተ ነው።»

ነገሩ ሁሉ በአንዲት ፊደል ላይ ቆመ። ባላምባራስ «ሬ»ን ጠበቅ አድርገው ቢደግሟት በር ናት፣ ውርደትም ናት። ላላ ካደረጓት በሬ ናት፣ ሹመትም ናት። ተመራማሪ መቼም ለውጤቱ መታመን አለበት።

«ሰንጋ ነበር፣ ጌታዬ» አሉ።

«እንግዲያው በሳምንቱ ስመጣ ምትኩን እንቀምሳለን» አሉ ደጃዝማቹ፤ ቴሌፎኑም ተዘጋ።

አዲሱ የሳንቃ ሹም ቤታቸው ሲደርሱ ግቢውን ቃኙ። በሬ የላቸውም፤ ኖሯቸውም አያውቅ። ተሸጦ በሬ የሚያመጣ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በር በሌለው ጋጣ ውስጥ ቆሞ ገለባ ያኝካል።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ልጓሙን ከሞጆ ለመጣ የበቅሎ ነጋዴ አስረከቡ። በቅሎዋ እየዞረች ታያቸዋለች።

«አይዞሽ» አሉ ሹሙ። «ለአገር ጥበብ የተከፈለ ዋጋ ነው።»

«ጅቡ ጨዋ ነበር» አሉ ወይዘሮዋ፣ ባላቸውን ሳያዩ። «በሩን በልቶ ሲጠግብ በቅሎዬን ተዋት።»