ላሞቹን የከሰሰ ፈንገስ

[የግጦሽ ምርምር ጣቢያ ውስጥ ያለች ጠባብ ቤተ ሙከራ። ዶክተሩ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቷል። የጣቢያው ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።]

ዘበኛው፦ እኔ የምለው ግን፣ እግር ጣት መሃል የሚወጣው እሱው ነው።

ዶክተሩ፦ አይደለም አልኩ እኮ አባባ! ያ የእግር ፈንገስ ነው። ይኼ የሣር ሥር ፈንገስ ነው!

ዘበኛው፦ ሣሩንም ያሳክከዋል?

ዶክተሩ፦ አያሳክከውም፣ ይጠቅመዋል! ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ከሥሩ ጋር ይጣበቅና ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ውሃና ማዕድን ያመጣለታል። ሣሩ ደግሞ በአጸፋው ስኳር ይሰጠዋል።

ዘበኛው፦ ስኳር? እኛ ሰፈር ስኳር ከጠፋ ሁለት ወሩ! ለካ መሬት ውስጥ ገብቶ ነው!

ዶክተሩ፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ስኳሩን ሣሩ ራሱ በቅጠሉ ይሠራዋል። ላም ቅጠሉን ሙልጭ አድርጋ ከጋጠችው ስኳር የለም። ስኳር ከሌለ ፈንገሱ ይራባል። ገባዎት?

ዘበኛው፦ ምሳ ያልበላ ሠራተኛ አይቆፍርም ነው የሚሉኝ።

ዶክተሩ፦ ተባረኩ! ስለዚህ ሁለቱ ላሞችዎ ከነገ ጀምሮ ከግቢው ይወጣሉ።

ዘበኛው፦ [ከበሩ ተላቀው] ኧረ እግዚኦ! በፈንገስ ክስ? የልጅ ልጆቼ ወተት እኮ ከእነሱ ነው! ወዴት ልውሰዳቸው?

ዶክተሩ፦ ሳይንስ ይሉኝታ አያውቅም አባባ። [ሁለት ከረጢት አፈር ያነሣል።] ይኼ ላም ካልደረሰበት፣ ሣሩ እስከ ጉልበት ከሚደርስበት መስክ ያመጣሁት ነው። ሥሩ በፈንገስ ተጥለቅልቋል! ይኼኛው ደግሞ ላሞችዎ ላጭተው መላጣ ካደረጉት መስክ ነው። ለዘር እንኳ አልቀረበትም!

ዘበኛው፦ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልናገር...

ዶክተሩ፦ አይናገሩ፣ ያሽትቱ! ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እርጥብ። ላም ያልነካው አፈር ማለት ይኼ ነው!

ዘበኛው፦ [አሽትተው] ይኼማ እበት ነው።

ዶክተሩ፦ ምን?

ዘበኛው፦ ያውም የትንሿ ላሜ። ለምለም ሲበዛባት ሆዷ አይችልም።

ዶክተሩ፦ [ከረጢቱን ጥሎ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ] ላም ባልገባበት መስክ እበት ከየት መጣ? ከሰማይ ዘነበ?

ዘበኛው፦ ልናገር ስል አፌን እየዘጉኝ እኮ ነው! ላሞቼ የሚግጡት እኮ ያንን ረጅሙን ሣር ነው። መስኩን አሥር ቦታ ከፍዬ በየተራ አስግጣቸዋለሁ። ሦስት ቀን የጋጡበትን ወር ሳይሞላው አያዩትም። ሣሩም እስከዚያ ነፍስ ይዘራል።

ዶክተሩ፦ መላጣውስ? መላጣውን ታዲያ ማን ጋጠው?

ዘበኛው፦ እዚያማ ላም ረግጣ አታውቅም! በየሳምንቱ የሣር ማጨጃ ማሽን ድምጥማጡን ያጠፋዋል፣ የተረፈውን የእናንተ መኪና ይደፈጥጠዋል። [በመስኮቱ እያሳዩ] ይኸውና፣ የእርስዎም እዚያው ላይ ቆማለች።

ዶክተሩ፦ [በመስኮቱ ያያል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል።] አባባ... ሪፖርቱ ጠዋት ለዳይሬክተሩ ሄዷል።

ዘበኛው፦ ምን ይላል?

ዶክተሩ፦ [ድምፁ እየሰለለ] «ፈንገስ በበዛበት መስክ ያለው አያያዝ እንዳለ ይቀጥል። መላጣውን መስክ ለዚህ ያበቃው ከብት ግን በአስቸኳይ ከግቢው ይባረር።»

ዘበኛው፦ ጎሽ፣ ጥሩ ጽፈሃል ልጄ። በል መኪናህን አስነሣ፣ እኔ በሩን ልክፈትልህ።