ዋንዛው ላይ የወጣው ዳምጤ

[«የሰው ዘር ሊያልቅ ነው እያልኩህ አንተ ቀፎ ትዳብሳለህ!» ጩኸቱ የመቱን ገበያ አልፎ እስከ ቡሬ መንገድ ይሰማል። የሚጮኸው ልብስ ሰፊው ዳምጤ ነው፤ ከሲታ፣ ከገዛ መርፌው የቀጠነ፣ ግን ሬዲዮ ስላለው ከተማው ውስጥ ከኔ በላይ አዋቂ የለም ብሎ ያመነ። የሚጮኽበት ደግሞ ጎረቤቱ ቀነዓ ነው፤ ቀፎ ሰቅሎ የሚያድር፣ አንዲት ቃል ከመመለሱ በፊት ዓይኑን ሁለቴ የሚያርገበግብ። የቆሙት ዳምጤ ጓሮ፣ ዋንዛው ሥር ነው። ወሩ መጋቢት፣ የቡናው አበባ የሚሸትበት።]

ቀነዓ፦ ሰማሁ ጋሼ። ሊያልቅ ነው። በምን ይሆን የሚያልቀው?

ዳምጤ፦ በሙታን! ስንቴ ልንገርህ? ሙታን ከመቃብር ይነሳሉ። ይነክሱሃል። ትሞታለህ። ከዛ አንተም ተነስተህ ትነክሳለህ። ጅማ ሲኒማ ቤት በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው!

ቀነዓ፦ ፊልም አይደለም እንዴ ጋሼ?

ዳምጤ፦ ፊልም! አየህ ድንቁርና? ፊልም ማለት እኮ ፎቶ ነው። የሌለ ነገር ፎቶ ይነሳል? አንተ ሳትኖር ፎቶ ተነስተህ ታውቃለህ?

ቀነዓ፦ [ዓይኑን ሁለቴ አርገብግቦ] እኔ ኖሬም ተነስቼ አላውቅ።

ዳምጤ፦ በል ዝም በላ!

ቀነዓ፦ መጨረሻው እንዴት ሆነ? የተረፈ ሰው አለ?

ዳምጤ፦ መሀሉ ላይ መብራት ጠፋ። ግን ከሲኒማ ቤቱ እስከ መኪና መናኸሪያ ስመጣ የቀረውን ራሴ ጨርሼዋለሁ። የተረፈው መከላከያ የሠራ ሰው ብቻ ነው።

ቀነዓ፦ ነገሩ የሆነው የት አገር ነው?

ዳምጤ፦ ፈረንጅ አገር።

ቀነዓ፦ እህ፣ ሩቅ ነዋ።

ዳምጤ፦ ምን ሩቅ አለው? ሁሉም ነገር እዛ ጀምሮ አይደል እዚህ የሚደርሰው? መቱ ሲሆን ይዘገያል እንጂ! ይኸው ሳሙና መጣ ተብሎ ከተሰለፍን ስንት ጊዜያችን? መጣ? አልመጣም። ይመጣል ግን።

ቀነዓ፦ ሙታኑ ከሳሙናው ይቀድማሉ?

ዳምጤ፦ በእግራቸው ነዋ የሚመጡት!

ቀነዓ፦ ያለ ይለፍ ወረቀት? ኬላው አያሳልፋቸውም።

ዳምጤ፦ አንተ ደረቅ! የሞተ ሰው ይለፍ ይጠየቃል?

ቀነዓ፦ ኧረ ይጠየቃል። ያንን ኖፓ የሞተውን አጎቴን አስከሬን ስናመጣ «የቀበሌ መታወቂያው የታል?» አሉን። «ሞቷል» ብንላቸው «እሱ ራሱ ይናገር» ብለው ቆመው ጠበቁት።

[ዳምጤ ከዚህ ፍጡር ጋር ማውራት ትርፉ ጉሮሮ ማድረቅ እንደሆነ ገባው። ጆንያውን ገልብጦ መሬት ላይ አራገፈው፤ ቆርቆሮ ተንኳኳ።]

ዳምጤ፦ ተመልከትና ተማር። ይኼ የዘይት ቆርቆሮ ለራስ። ሁለት ቀዳዳ ለዓይን፣ አንድ ለትንፋሽ። ይኼ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ፣ ለቅልጥም። ይኼ ድርብ ጆንያ፣ ለእጅ፤ ስፌቱን እየው! ይኼ ደግሞ መቀሴ እንጨት ላይ የታሰረ፣ ለመውጋት።

ቀነዓ፦ የሞተን ሰው ቢወጉት ምን ይሆናል?

ዳምጤ፦ ይሞታላ!

ቀነዓ፦ ኤዬ... እሺ ጋሼ፣ ሆድዎስ?

ዳምጤ፦ ሆዴ ምን ሆነ?

ቀነዓ፦ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ጎማ ካገኙ... መሀል ላይ አይነክሱም?

[ዳምጤ ደነገጠ። ለካ ሆዱን ረስቶታል! እንዳይታወቅበት ሳል ሳል አደረገው።]

ዳምጤ፦ እሱን ልል ስል ነው ከአፌ የነጠቅከኝ። ምን ይሻላል ታዲያ?

ቀነዓ፦ ይኼ የአባቴ ቀፎ አለ። ትልቅ ነው፣ እርስዎ ደግሞ... ቀጠን ይላሉ። ከዚህም ከዚያም ክዳኑን አንስተን ቢያጠልቁት ጥርስ አይበሳውም።

ዳምጤ፦ አምጣው እንጂ! ላንተ ምን ያደርግልሃል? ዘንድሮ አንዲት ንብ አልገባችልህ።

ቀነዓ፦ አልገባችልኝም። ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ወደ ሌላ ሰው ቀፎ ይሄዳሉ።

ዳምጤ፦ ንብ እንኳ ናቀችህ!

[በግድ፣ በግፊያ ገባ። ቀፎው ከብብቱ እስከ ዳሌው ያዘው፣ ቀነዓም በገመድ ትከሻው ላይ አሰረለት። ዳምጤ ራሱን በመስኮት መስታወት አየና ጀግና መሰለው። የመሰለው ግን በርሜል ነው።]

ዳምጤ፦ ዋናው ነገር ቀርቷል። ሙታን ሰው የሚያገኙት በአፍንጫ ነው። እንደ ውሻ ያነፈንፋሉ።

ቀነዓ፦ ወይራ ብናጥንዎትስ?

ዳምጤ፦ የሰው ጠረን ያጠፋል?

ቀነዓ፦ ወይራ የታጠነ ነገር ሰው ሰው አይሸትም። ላዩን ደግሞ ሰፈፍ እንቀባዎታለን፣ የማር ጭማቂውን ከነሰሙ።

ዳምጤ፦ እሱ ለምንድነው?

ቀነዓ፦ ጥርስ ያንሸራትታል።

ዳምጤ፦ [በኩራት እየሳቀ] ጎበዝ! ከኔ ጋር ስትውል ጭንቅላትህ ይሠራል ማለት ነው። በል ቀባኝ፣ አትሰስት!

[ወይራው ጨሰ። ሰፈፉ ተቀባ፤ ውስጡም ውጪውም። ዳምጤ እያስነጠሰ ዞረ፣ ዞሮ ታጠነ።]

ዳምጤ፦ አሁን የመጨረሻው ብልሃት። ሙታን ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ዛፍ አይወጡም። ስለዚህ እኔ ዋንዛው ላይ እወጣለሁ።

[ይኼን ጊዜ ቀነዓ ዓይኑን አላርገበገበም።]

ቀነዓ፦ አይቆዩበትም ጋሼ። ሳይመሽ ይወርዳሉ።

ዳምጤ፦ እኔ? ፀሐይ እስክትጠልቅ ካልወረድኩ ምን ትሰጠኛለህ?

ቀነዓ፦ ጊደሬን።

ዳምጤ፦ ተጂቱን ለማግባት ለአባቷ ይዘህ ልትሄድ ያሰብካትን?

ቀነዓ፦ እሷኑ። ከወረዱስ?

ዳምጤ፦ ሬዲዮዬን ውሰድ!

[ከአፉ ካመለጠው በኋላ ቤቱን ዞር ብሎ አየ። ያ ሬዲዮ ባይኖር ማን በረንዳው ላይ ይቀመጣል? ማን «ዳምጤ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይለዋል? ግን ተናግሯል፤ ለቀነዓ ብሎ ቃሉን አያጥፍም። እጅ ተመታ። ወጣ፤ እያቃሰተ፣ እየተንገጫገጨ። ወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀትር ነው። ቀነዓ ከሥር ጋደም ብሏል።]

ዳምጤ፦ [ከቆርቆሮው ውስጥ] ቀነዓ! የሆነ ነገር ይጮኻል!

ቀነዓ፦ ከየት በኩል?

ዳምጤ፦ ከኡካ መንገድ! ጥቁር ነው... ደመና ነው... ይዞራል! ሙታን ይበራሉ እንዴ?

ቀነዓ፦ [ብድግ ብሎ] ዋቃዮ! እንዳይነቃነቁ ጋሼ! ሲያምሩ!

ዳምጤ፦ ምኑ ነው የሚያምረው? ይኼ... ንብ ነው! ቀነዓ፣ ንብ ነው! አባርልኝ!

ቀነዓ፦ ለማባረር ነው እንዴ ወይራ ያጠንኩት? ይኸው አውራዋ ገባች።

ዳምጤ፦ የት ነው የገባችው?

ቀነዓ፦ እርስዎ ጋ። እምብርትዎ አካባቢ ሳትሆን አትቀርም።

ዳምጤ፦ አውጣት!

ቀነዓ፦ እሷ ከገባች ሌላው ይከተላል። ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ቤታቸውን እያዩ ነው።

ዳምጤ፦ አንዷ ቆርቆሮው ውስጥ ገብታለች! ጆሮዬ ላይ ናት!

ቀነዓ፦ ምን ትላለች? እርስዎ ወሬ ይወዱ የለ?

ዳምጤ፦ ልወርድ ነው! በቃኝ!

ቀነዓ፦ ይውረዱ። ሬዲዮው በረንዳው ላይ ነው ወይስ ውስጥ?

[ዛፉ ላይ የሚጮኸው ንቡ ብቻ ነው።]

ዳምጤ፦ ...ካልወረድኩስ?

ቀነዓ፦ ጊደሯ የእርስዎ፣ ንቡ የኔ።

ዳምጤ፦ ንቡ መቼ ይወጣል?

ቀነዓ፦ ከተመቸው? አይወጣም። ግንቦት ላይ ማሩን እንቆርጣለን።

ዳምጤ፦ ግንቦት! እኔ እስከ ግንቦት እዚህ ልቀመጥ?

ቀነዓ፦ ምግብ በገመድ እልካለሁ ጋሼ፣ እኔ ሰው አልረሳም።

ዳምጤ፦ ፀሐይዋስ? ጠለቀች? ይኼ ቆርቆሮ አያሳየኝም!

ቀነዓ፦ ኧረ ገና አናታችን ላይ ናት።

[የዳምጤ አንድ እግር ወርዶ ታችኛውን ቅርንጫፍ ነካ። ሬዲዮው ትዝ አለው፣ እግሩን ሰበሰበ። ሆዱ ላይ የሆነ ነገር በሰልፍ ተራመደ፣ እግሩ እንደገና ወረደ። እንደዛው ቀረ፤ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች። ወርዷል አይባል፣ አልወረደም አይባል።]

ዳምጤ፦ [በቀጭን ድምፅ] ቀነዓ... ሞኝ አደረግከኝ አይደል?

ቀነዓ፦ ኧረ ጋሼ! ሞኙስ እኔ! ይኼን ሁሉ ዘመን ቀፎ ተሸክሜ ዛፍ ስወጣ ጀርባዬ ተላጠ። በራሱ እግር የሚወጣ ቀፎ ጎረቤቴ እንዳለ መቼ አውቄ?