ላፕቶፕ ይዞ ለአማችነት

ኮምፒውተር የተማረ ወንድ ሚስት ባያገባ ለአገር ይበጃል! አትቆጡኝ፣ ራሴም ከተማሩት አንዱ ነኝ። ሌላው ሰው የሚወዳትን ልጅ አባት ሊተዋወቅ ሲሄድ ማር ይይዛል፣ ጋቢ ይይዛል፣ ምንም ቢያጣ ቁም ነገር ይይዛል። እኛ ላፕቶፕ ይዘን እንሄዳለን።

የእማዋይሽ አባት ዘጌ ውስጥ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ተማሪውም ጎረቤቱም "የኔታ" ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ "ሲ" የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ አስተምራለሁ። ይኼ ሲነገራቸው "ሲ ምን? ሲበላ ነው ሲጠጣ?" ብለው ጠየቁ አሉ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ እንድልክ የሚፈቅዱልኝ መጀመሪያ ሥራየን ዓይተው ነው። ካልጣማቸው ደግሞ እማዋይሽ ከአባቷ ቃል አትወጣም፤ ይህን ቁርጡን ነግራኛለች።

እንግዲያስ ላሳያቸው ብየ ተነሣሁ። የግዕዝ ቃል ሲጻፍለት የአማርኛ ፍቺውን የሚናገር መዝገበ ቃላት በሲ ሠራሁ። አሠራሩ ሀሽ ቴብል ይባላል። አትደንግጡ፣ መሳቢያ የበዛበት ቁም ሳጥን በሉት። ቃል ሲመጣ አንዲት ሕግ ፊደሉን ዓይታ "አንተ ሰባተኛው መሳቢያ ግባ" ትለዋለች። ሁለት ቃላት አንድ መሳቢያ ከደረሳቸው እንደ መቁጠሪያ ባንድ ክር ይሰካሉ፤ አዲስ የመጣው ከፊት ይሆናል። ይህን ክር ሊንክድ ሊስት እንለዋለን። ፈላጊ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ መበርበር የለም፤ የራሱን መሳቢያ ስቦ ክሩን ማየት ብቻ ነው። መቶ አንድ መሳቢያ ሠራሁ። በተለያየ ፊደል በሚጀምሩ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ብሞክረው ወለም ዘለም ሳይል መለሰልኝ። የግዕዙን ግን... ምን መሞከር ያስፈልገዋል? እያልሁ እንግሊዝኛውን አውጥቼ ጫንሁት።

ከእማዋይሽ ጋር ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን ዘጌ ገባን። የኔታን ከደጃቸው፣ ከቡናው ተክል ጥላ ሥር አገኘናቸው። ጉልበት ሳምሁ፣ ጠላ ቀረበ። ላፕቶፑን አግዳሚው ላይ ከፈትሁና እሳቸው እንዲጠይቁ፣ እማዋይሽ እንድትጽፍ ሆነ።

"ብእሲ በይው" አሉ። ሰው ማለት ነው።

"አህያ" አለ ማሽኑ።

ጠላው ትን አለኝ። የኔታ ቀጥለው ከልብ ብለው አስጻፉ፤ ውሻ ማለት ነው። አሁንም አህያ። "አራት እግርስ አላት፣ እየተጠጋ ነው" አሉ። ከዚያ ሊቅ አሉ። አህያ! ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታየ ነበር።

ላፕቶፑን ነጥቄ ሳይ ጉዴን አገኘሁት። ያቺ ሕጌ የምታየው የቃሉን የመጀመሪያ ባይት ብቻ ነው። ባይት ማለት ኮምፒውተር ፊደልን የሚበላበት ጉርሻ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ባንድ ጉርሻ ያልቃል፤ የእኛው ሦስት ጉርሻ ነው፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ደግሞ ከሀ እስከ ፐ ለሁሉም አንድ ናት። ስለዚህ የግዕዝ ቃል በሙሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተጠቅጥቋል! ያ ብቻ ቢሆን ደግ፣ ክሩን ተከትሎ ይፈልግ ነበር። እኔ ግን "የምፈልገው አንተን ነው ወይ?" ብሎ እንዲጠይቅ ማዘዙን ረስቼ፣ ከፊት ያገኘውን አንሥቶ እንዲሰጥ አዝዤዋለሁ። ከፊት ያለችው ደግሞ ጠዋት ጀልባ ስንጠብቅ የጨመርኋት የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ አድግ፣ ትርጉሙ አህያ።

ላብ እያጠመቀኝ ይህንኑ አስረዳኋቸው።

"ስንት መሳቢያ አልህ?"

"መቶ አንድ፣ የኔታ።"

"መቶው ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው።"

"እንግዲህ ልጀን የትኛው ውስጥ ልታስቀምጣት ነው?"

እማዋይሽ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጀልባው ላይ ስትስቅ የነበረች ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በቃ፣ አለቀልኝ ብየ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል እጃቸውን አነሡ። አንድ ቃል ቀርቷቸዋል። መርዓዊ እንድትጽፍ አዘዟት፤ ሙሽራ ማለት ነው። ይቅርብኝ ብየ ብለምን ማን ሰምቶኝ! እማዋይሽ ፊደሉን አንድ ባንድ ነካካች።

አህያ።

የኔታ ዝቅ ብለው ደጋግመው አነበቡት፣ መነጽራቸውንም አወለቁ።

"አህያነቱ ከሠርግ በኋላ የሚታወቅ አማች ብዙ ዓይተናል" አሉ። "አስቀድሞ በጽሑፍ ይዞ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሽማግሌህን ላክ።"

ይኸው ተጋባን። መዝገበ ቃላቱንም አስተካከልሁት፤ ዛሬ ብእሲ ቢሉት ሰው፣ ከልብ ቢሉት ውሻ ይላል። መርዓዊን ግን እንዳልነካው እማዋይሽ ከልክላኛለች።