ስድስተኛ ነው የተባለው አራተኛ ፎቅ

[ሊፍቱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ውስጥ ወንድምና እህት አሉ። ታናሽየው ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ በገመድ ከሊፍቱ መቆጣጠሪያ ሣጥን ጋር የተያያዘ ላፕቶፕ ታቅፏል። «እትዬ» የሚላት ታላቅ እህቱ ሊፍት ጠጋኝ ናት፤ መፍቻ ይዛለች።]

ሊቁ፦ ስድስተኛ ነው አልኩሽ።

እትዬ፦ ግድግዳው ላይ አራት ተጽፏል።

ሊቁ፦ ቀለም ቀቢው ተሳስቶ ነዋ።

እትዬ፦ የእማዬ ቤት ስድስተኛ ላይ ነው። ይኼ በር ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ነው።

ሊቁ፦ ቤት ቀይሮ ይሆናል።

እትዬ፦ እማዬ በዚያ ጉልበቷ ደረጃ መውረድ አቅቷት ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጠሮ አላት፤ ካመለጣት ሌላ ሁለት ወር መጠበቅ ነው። እስቲ ቀስ ብለህ አስረዳኝ፤ እኔ እንደሆን ቶሎ አይገባኝም።

ሊቁ፦ የሊፍቱ ቦርድ ተቃጠለ። አንቺ ከባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የተነቀለ አሮጌ ቦርድ አመጣሽ። ቁጥሮቹን የሚይዘው ቺፕ፣ ፍላሽ ሜሞሪው፣ «የመጨረሻው ፎቅ አምስት» ይላል። እኔ ስድስት ብዬ ጻፍኩበት። አለቀ።

እትዬ፦ ሳትሞክረው?

ሊቁ፦ አርባ ሺህ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

እትዬ፦ ያለን ቺፕ አንድ አይደል እንዴ?

ሊቁ፦ እሱ ላይ ማን ሞከረ? የሞከርኩት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ የሌለ ቦርድ አለ፤ እሱ ላይ ደግሞ የሌለ ቺፕ አለ።

እትዬ፦ የሌለ ቺፕ አለ።

ሊቁ፦ በሶፍትዌር አስመስዬ ሠራሁታ። ፕሮግራሙ እውነተኛ ቺፕ ላይ የሚጽፍ ነው የሚመስለው።

እትዬ፦ ምስኪን። በላዩ ላይ ስትጽፍበት ታዲያ ቺፑ ዝም ይልሃል?

ሊቁ፦ ጭጭ። አምስት በነበረበት ላይ ስድስት ስለው ስድስት ይሆናል። አያንገራግርም፣ አያረጅም። ከእውነተኛው ይሻላል።

እትዬ፦ ከተሻለማ አልመሰለውም።

ሊቁ፦ እትዬ፣ ይኼ መፍቻ እንደመጨበጥ አይደለም።

እትዬ፦ [መፍቻውን ኪሷ ከትታ] እንግዲያው እማዬን በላፕቶፕህ አውርዳት። እዚያ ስድስተኛ ይደርሳል አላልክም?

ሊቁ፦ አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ሆንሽብኝ።

እትዬ፦ የቱ ሰውዬ?

ሊቁ፦ የሶፍትዌሩ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ አይቶ አስተያየት ይጽፋል። ራሱን «መፍቻ ዐሥራ ሦስት» ብሎ የሰየመ አንድ ነዝናዛ ሁለት ሳምንት አላስቀምጥ አለኝ። «ፍላሽ የነበረበትን መጀመሪያ ካላጠፋህ በላዩ አይጻፍም፤ ያንተ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል» ይለኛል።

እትዬ፦ ምን አልከው?

ሊቁ፦ «ወደ ሥራህ ተመለስ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ።

እትዬ፦ እስቲ አምስትን በአንድና በዜሮ ንገረኝ።

ሊቁ፦ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ።

እትዬ፦ ስድስትንስ?

ሊቁ፦ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ።

እትዬ፦ እውነተኛው ቺፕ ካላጠፋኸው አንዱን ዜሮ ያደርግልሃል እንጂ ዜሮውን መልሶ አንድ አያደርግም። አሁን ደራርባቸው።

ሊቁ፦ አንድ... ዜሮ... ዜሮ። [ግድግዳውን አየት አድርጎ] አራት።

እትዬ፦ ቀለም ቀቢውን ይቅርታ ጠይቀው።

ሊቁ፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] አጥፍቼ እንደገና ልጻፈው። ግን እኮ እሱ ሲጠፋ የበሩም የፍጥነቱም ቁጥር አብሮ ይጠፋል። አልገለበጥኩትም።

እትዬ፦ [ከደረት ኪሷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ] ትናንት ገልብጬዋለሁ።

[ሊቁ ከወረቀቱ እያየ ይጽፋል። በሩ ይዘጋል፤ ሊፍቱ ይወጣል። ሲከፈት ግድግዳው ላይ ስድስት ተጽፏል፤ እማዬ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።]

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] ይኼን ሁሉ እያወቅሽ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?

እትዬ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገርኩህ። [መፍቻውን ከኪሷ አውጥታ ትሰጠዋለች] በል፣ የሣጥኑን ክዳን እሰርልኝ። ቁጥሩ ልክ መሆኑን እይ።

ሊቁ፦ [መፍቻው ላይ የተቀረጸውን ያነባል] ዐሥራ... ሦስት።

እትዬ፦ «ወደ ሥራህ ተመለስ» አልከኝ። ተመለስኩ።