አርባ ኖት

ጭሮ ከባሕር ርቃ መፈጠሯ የመልክዓ ምድር ስሕተት እንጂ የሷ ጥፋት አይደለም። ስሕተቱን ያረሙላት፣ ምስጋና ለሁለት ቀን ሥልጠና ይግባና፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቶ እስክንድር ናቸው።

ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ እኛ ግን ከእንግዲህ በኖት ነው የምንሄደው» አሉ። ኖት የመርከብ ፍጥነት መለኪያ መሆኑን፣ ስሙም ከገመድ ቋጠሮ መምጣቱን ሦስት ሰዓት ሙሉ አብራሩ። ስለዚህ ለተሠራ ሥራ ሁሉ አንድ ቋጠሮ እንዲቋጠር ተወሰነ። ገመድ ሲፈለግ፣ ለቦርደዴ የውሃ ጉድጓድ ተገዝቶ ፊርማ የሚጠብቅ አዲስ ገመድ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። እሰይ፣ መቼስ ለታደለ ሁሉ ነገር ይገጥምለታል።

የበሩ ጥበቃ ጋሽ ኃይለየሱስ በጎረምሳነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ናቸውና ነገሩ ከነከናቸው። እጃቸውን አውጥተው፣ ባሕር ላይ ቋጠሮው አስቀድሞ እንደሚቋጠር፣ ገመዱ ከመርከቡ ኋላ እንደሚለቀቅ፣ መርከቡ ሲሄድ እየተሳበ የወጣው ቋጠሮ እንደሚቆጠር አስረዱ። «መርከቡ ካልሄደ ገመዱ ንቅንቅ አይልም» አሉ።

አስተያየታቸው በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቃለ ጉባኤ መያዝም ሥራ ነውና አንድ ቋጠሮ ተቋጠረ።

ፍየል አርቢዋ ዘይቱና ገመዱን ልትወስድ ከቦርደዴ መጣች። የጉድጓዱ አሮጌ ገመድ ተበጥሶ ከብቱም ሰዉም በውሃ ጥም ሊያልቅ ነው። «ነገ ተመለሺ» ተባለች፤ በትሕትና ስለተባለች አንድ ቋጠሮ። በነጋታው ተመለሰች፤ ሌላ ቋጠሮ። «ወላሂ፣ ፍየሎቼ ነገ የሚባል አያውቁም» ስትል ጋሽ ኃይለየሱስ ወንበራቸውን ለቀቁላት፤ ከዚያ በላይ ጥበቃ ምን ሥልጣን አለው?

ገመዱ አርባ ኖት ሲሞላ በሞቀ ጭብጨባ ተሰጣት። ጋሽ ኃይለየሱስ ፈቃድ ወስደው አብረዋት ቦርደዴ ወረዱ። ባልዲው ወረደ፣ ወረደና ውሃው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። አርባው ቋጠሮ ገመዱን በልቶታል። ጋሽ ኃይለየሱስ ለአቶ እስክንድር ደወሉ።

«ጌታዬ፣ ገመዱ አጠረ። ልፍታው?»

«አንድም ቋጠሮ እንዳይነካ። የሩብ ዓመት አፈጻጸማችን ነው። ገመዱ በአርባ ኖት እየገሠገሠ ነው፤ ወደ ኋላ የቀረው ውሃው ነው።»

ጋሽ ኃይለየሱስ ስልኩን ዘግተው አርባውንም በጥርስ በጥፍራቸው ፈቱ። ዘይቱና ውሃ ቀዳች።

በሳምንቱ «መሥሪያ ቤቱን ከአርባ ኖት ወደ ዜሮ በማውረድዎ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ደብዳቤ መጻፍም ሥራ ነውና፣ ለሚኤሶ ጉድጓድ በመጣው አዲስ ገመድ ላይ የመጀመሪያው ቋጠሮ ተቋጠረ።