የጋሼ መኩሪያ ፊርማ

ሰው ሲሰጥ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ጫፉ ላይ አንድ ነገር ያስራል። እኔ ራሴ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሄይዋርድ ከተማ ላለች አራስ ገንፎ ስልክላት «ድስቴን አጥበሽ መልሺ» ብዬ ነው። ታዲያ የአሜሪካ መንግሥት ቢያስር ምን ይገርማል? ከእርዳታው እህል ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከብ ይጫን የሚል ሕግ አለው። መርከቡ ደግሞ ውድ ነው። ለስንዴ የተባለው ገንዘብ በመርከብ ኪራይ ያልቃል፣ የተራበው ይጠብቃል።

እናላችሁ፣ ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ሄለን፣ ሳን ሆዜ ኮሌጅ የምትማረው፣ «ይሄ ሕግ ይነሳ» የሚል ፔቲሽን፣ የፊርማ ማሰባሰቢያ ወረቀት ይዛ አንድ እሁድ ኦክላንድ እድራችን ድረስ መጣች። ሁሉም «ጎሽ የኔ ልጅ!» አላት። እስክሪብቶ ያነሳ ግን የለም።

ለምን ብትሉ፣ ጋሼ መኩሪያ ተቀምጠዋላ! ድሮ ምጽዋ ባህር ኃይል ነበሩ። እዚህ መጥተው ስንት ዓመት ፓርኪንግ ጠብቀው፣ ገና አምና ነው በመከራ አሜሪካ መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል የገቡት። የሚጭነው ምን መሰላችሁ? ያንኑ ስንዴ! ሕጉ ከተነሳ መርከቡ ይቆማል፣ እሳቸውም ወደ ፓርኪንጋቸው። ማን ዓይናቸው እያየ እንጀራቸው ላይ ይፈርማል?

እኛም በዘዴ ለማምለጥ «ኧረ ታላቅ እያለ!» እያልን ወረቀቱን ወደሚቀጥለው ታላቅ ገፋን። ገፋን፣ ገፋን። የሁላችንም ታላቅ ማን ሆኖ ተገኘ? ጋሼ መኩሪያ።

ሄሉ ምኑን ታውቃለች፣ «ጋሼ፣ ኢትስ አባውት ዘ ሺፕስ» አለቻቸው።

«መርከቡንስ አውቀዋለሁ» አሉና መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት።

«ወደቡ ላይ ቆመው የሚጠብቁንን ሰዎች እናንተ አላያችኋቸውም፤ እኔ አይቻቸዋለሁ» አሉ። ፈረሙ። «ለባለቤቴ የሚነግር ግን ወየውለት!»

አሁንማ ሁሉም ይፈርማል አላችሁ? ሄሉም እንደዛ መስሏት ነበር። «እሳቸው በጨዋነት ቢፈርሙ እኛ እንጀራቸውን እንቁረጥ እንዴ?» ተብሎ ወረቀቱ ክፍሉን ዞሮ አንድ ፊርማ ብቻ ይዞ ወጣ። የማንን? ከመሃላችን ሕጉ የሚያበላውን የአንዱን ሰው።

ይኸው አሁን እስክሪብቶውን አስቀምጣ «ሶ ዋይ ዲድንት ዩ ሳይን፣ አክስቴ?» ትለኛለች። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር ብለሽ ጻፊ።

አይ፣ ሰርዢው። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።