ወይዘሮ ዘውድነሽ ሞጆን ከስረዛ ያዳኑበት ዜና

በዓመተ ዓለም በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ ዘጠኝ፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ አብዮቱ ከፈነዳ በዐሥራ ሦስተኛው፣ የናዝሬት ኮምፒዩተር ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ከሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ይህ ገድል ተፈጸመ። የፈጸሙትም፣ ክፉ ነገር ገና መንገድ ሳይጀምር ኮቴውን የሚሰሙ፣ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ የሚይዙ፣ ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር የሐኪም ቤቱን ደጃፍ በሐሳብ የሚረግጡ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱ፣ የልጆች እናትና የአስኳሉ ጠባቂ ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው።

አስኳል የሚባለው ምን እንደሆነ ላልሰማ ይሰማ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያሉትን የመንግሥት እርሻዎች የሚያደራጀው መሥሪያ ቤት ቁመቱ እንደ ቁም ሳጥን፣ ጩኸቱ እንደ ወፍጮ ቤት የሆነ አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። ማሽኑም ከመቂ፣ ከዝዋይና ከአዳሚ ቱሉ የሚነሣው ቲማቲምና የከብት ቆዳ በየትኛው መኪና ወደ የት እንደሚሄድ ያትም ነበር። አስኳሉ ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ የሚነቃ፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቁም፣ እለፍ የሚል የፕሮግራሞች ሁሉ አባት ነው፤ እርሱ ከታመመ የሚድን የለም።

ይህንን አስኳል የጻፉት የባቡር ሠራተኛ ልጅ የሆኑት አቶ አብተው ነበሩ፤ ለክፍሎቹም የባቡር ጣቢያዎችን ስም በተራቸው አወጡላቸው፤ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት እያሉ። የናዝሬትም ሰው ማን ከማን በኋላ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን ማሽኑ ተሳስቶ የመቂን ቲማቲም ወደ ቆዳ ፋብሪካ ላከው፤ ቲማቲሙም በጥሬ ቆዳ መካከል ዋለ፣ አደረ፤ አቶ አብተውም ተገምግመው ወደ አሰብ ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት አስኳሉ ውስጥ አንድ ነገር አስተካክለዋል ይባላል፤ ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ስለ ሄደ ሰው መጠየቅ ጤና አልነበረምና።

ከዚህም በኋላ የአዳሚ ቱሉ ተወላጅ፣ ቡልጋሪያ ሄዶ ተምሮና በርዶት የተመለሰ፣ ፀጉሩን ወደ ላይ የሚያበጥር ጓድ ደገፋ መጣ፤ አስኳሉንም አንብቦ ራሱን ያዘ። በማስታወቂያ ሰሌዳውም ላይ አዋጅ አወጀ፦ «ሰፊው ሕዝብ ሊያነበው የማይችል ፕሮግራም የአድሃሪ መሸሸጊያ ነው! እንደ ቂጣ የተጠፈጠፉት መስመሮች ይዘርዘሩ! የጣቢያዎቹ ስም ይውጣና የአብዮቱ እሴቶች ስም ይግባ! ሞጆ የሚባለውም ክፍል ከመቁጠርና ከመቆም በቀር አንዳች ሥራ የሌለው ቦዘኔ ነውና ይሰረዝ!»

የመሥሪያ ቤቱም ሹም፣ በስብሰባ ላይ ተኝተው እያጨበጨቡ የሚነቁት ጓድ ወልደአማኑኤል፣ በዚህ ላይ ሌላ አዋጅ ጨመሩ፦ «ይህ የአስኳሉ ጽዳት ቲማቲሙ ከሚጫንበት ከቲማቲሙ ቀን በፊት ይፈጸም። ጓዲት ዘውድነሽ መርምራ ትፈርም። ከፈረመች በኋላ ማሽኑ ቢሳሳት አሻጥር ነው፤ ሳትፈርም ብትቀር እንቅፋትነት ነው። አሰብ ሰው ይፈልጋል።»

ወይዘሮ ዘውድነሽም ይህን ከሰሌዳው ላይ አነበቡ። የበኩር ልጃቸው ሙሉብርሃን ለማትሪክ ታጠና ነበርና፣ እርሳቸው አሰብ ቢሄዱ ማን ቀስቅሶ፣ ማን አብልቶ ለፈተና እንደሚልካት አሰቡ። በሐሳባቸውም ልጅቱን ከፈተና አስቀሩ፣ ታናናሾቿን ለዘመድ በተኑ፣ ራሳቸውን በቀይ ባሕር ዳር በወባ ገድለው ቀበሩ፤ ይህም ሁሉ ከሰሌዳው እስከ በሩ ሳይደርሱ ነው። ቤታቸው ገብተው ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ አወረዱ፤ ለአሰብ ሙቀት የምትሆን ስስ ቀሚስም ከሁሉ አስቀድመው ከተቱ።

በማግሥቱ ዘመቻው ተነሣ። አስኳሉ የታተመበት ተጣጣፊ ወረቀት በተዘረጋ ጊዜ ቢሮውን አልፎ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ ግቢው ውስጥ ደረሰ፤ የናዝሬት ንፋስም ጠላት ሆኖ ተነሣበት። ከእመቤታችን ከዘውድነሽ ጋር የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ የቁልፍ ሰሌዳው ንግሥት ዘመናይ፣ ጥፍሯን ከቀለም ለማዳን ጓንት ያጠለቀች፤ የማተሚያው ጌታ ገርባ፣ ሪባን በለወጠ ቁጥር እስከ ክርኑ የሚጠቁር፤ የወረቀቱን ጫፎች እንዲይዙ የተሾሙ ብሎኬቶች፤ የሟቹ አየር ማቀዝቀዣ ክዳን፤ በሞጆ ክፍል ላይ ተኝታ አልነሣም ያለች የዘበኛው ዶሮም።

ወይዘሮ ዘውድነሽም በሠራዊቱ ፊት ቆመው አወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ማሽኑ ሲጮኽ ነበርና ደግመህ ስማ! በዚህ ወረቀት ላይ ሻይ ይዞ የሚያልፍ ከወዳጆቼ አይቆጠርም። አንድ መስመር በተነካ ቁጥር ‹ቢበላሽስ?› ተብሎ ይጠየቅ። ‹ምንም አይሆንም› የሚል ሰው ልጅ የለውም ማለት ነው!»

ገርባም ብሎኬት ላይ ወጥቶ አወጀ፦ «አካም ቡልታን፣ ወገኖቼ! እኔ ልጆች ሞልተውኛል፣ እትዬ ዘውዴ፤ ‹ምንም አይሆንም› እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ደግሞ ይኼ ንፋስ የሚወስደን ከነብሎኬታችን ነውና ፍርዱ ይፍጠን!»

መጀመሪያ የመስመሮቹ መዘርዘር ለፍርድ ቀረበ። እመቤታችን በመስመሮቹ መካከል የገባው ባዶ ቦታ ማሽኑን ያከብደው ይሆን ብለው ፈሩ፤ ባዶው ውስጥ የተደበቀ ነገር ይኖር ይሆን ብለውም ፈሩ። ስለዚህ አሮጌውንና ደገፋ የዘረዘረውን አዲሱን ጎን ለጎን አድርገው፣ ዘመናይ እያነበበች እርሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፀሐይ አናት እስክትበሳ ድረስ አመሳከሩ። አንድም ቃል አልጎደለም። እንዲያውም አስቀድሞ ጥቁር ግድግዳ የነበረው ጽሑፍ በሰፌድ ላይ እንደ ተበተነ ምስር ፍሬ በፍሬ ታየ። ያን ጊዜ አወጁ፦ «መስመሮቹ ይተንፍሱ። የደገፋ እጅ ይባረክ። አሮጌው ቅጂ ግን እንዳይጣል፤ ሰው ምን እንደሚመጣበት አያውቅም።»

ሁለተኛው የስሞቹ ነገር ነበረ። በአቃቂ ፈንታ ትግል፣ በዱከም ፈንታ ኅብረት፣ በደብረ ዘይት ፈንታ እድገት፣ በናዝሬት ፈንታ ድል ተብሎ ቀርቦ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽም ኅብረት ከእድገት ይቀድማል ወይስ እድገት ከኅብረት ብለው ሠራዊቱን ጠየቁ፤ ሠራዊቱም ብሎኬቶቹን ማስተካከል ያዘ። ኅብረትን ወደ ኋላ ማድረግ በአንዱ ስብሰባ፣ እድገትን ወደ ኋላ ማድረግ በሌላው ስብሰባ ያስገመግማልና። ጓድ ወልደአማኑኤል በመስኮት ብቅ ብለው ነበር፤ ጥያቄውን በሰሙ ጊዜ መስኮቱን ዘጉ። በመጨረሻም ዘመናይ ጓንቷን አውልቃ አወጀች፦ «እኔ እዚህ ያስቀጠርኩት ጣቴን ነው፣ አንገቴን አይደለም! ዱከም ከአቃቂ ቀጥሎ ነው፤ ይህን ብሎ የታሰረ ሰው የለም!» ደገፋም ራሱን እያከከ ተስማማ፤ ጣቢያዎቹም በስማቸው ጸኑ።

ሦስተኛዋ ሞጆ ነበረች። ደገፋ በእርስዋ ላይ ያወጀው አዋጅ የበረታ ነበረ፦ «ይህች ክፍል ትቆጥራለች፣ የቆጠረችውንም ትጥላለች! ለማንም አትሰጥም፣ ከማንም አትቀበልም! የማይሠራ አይብላ!» እውነቱንም ነበር። እመቤታችን ቢያገላብጧት፣ ቢያዞሯት ከመቆም በቀር ሙያ አላገኙባትም፤ መስደድ ግን ፈሩ፤ ማስቀረትም ፈሩ። አቶ አብተውን ለመጠየቅ «ሞጆን ብናጠፋት ምን ይደርሳል?» የሚል ቴሌግራም ጽፈው ወደ ፖስታ ቤት ሄዱ፤ ከበሩ ላይ ግን ተመለሱ። እንዲህ ያለ ቴሌግራም የላከ ሰው አሰብ እንኳ እንደማይደርስ ታይቷቸዋልና ወረቀቱን ቀደዱት፤ ቁራጩንም ከፊሉን በአንዱ ቀበሌ፣ ከፊሉን በሌላው ቀበሌ ጣሉት።

በመመለስ ላይ ሳሉ ባቡር ሲያፏጭ ሰሙ። ሙሉብርሃንን አዝለው ወደ አዲስ አበባ የሄዱበት ቀንም ትዝ አላቸው፤ ያን ቀን ባቡሩ ሞጆ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ሹፌሩ ሞቷል ብለው እሪ ብለው ነበር። ሹፌሩ ግን አልሞተም። ሐዲዱ አንድ ነውና፣ ከማዶ የሚመጣው ባቡር እስኪያልፍ ጥጉን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ነጠላቸው በንፋስ እንደ ሰንደቅ ተነሥቶ እየተውለበለበ ወደ ግቢው ገሠገሡ፤ ዶሮዋንም አስነሥተው የሞጆን ላይና ታች አዩ። ደገፋ መስመሮቹን ባይዘረዝር ኖሮ ባልታየ ነበር፤ አሁን ግን ታየ። ከሞጆ በላይ ከቴፕ የሚነበበው መረጃ ይመጣል፤ ከሞጆ በታች ወደ ማተሚያው የሚሄደው ይነሣል፤ የሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው አወጁ፦ «ሞጆ ቦዘኔ አይደለችም! መጪው እስኪያልፍ ቆማለች፤ መቆምም ሥራ ነው! ነገር ግን እኔ ሁልጊዜ የከፋው የሚታየኝ ሰው ነኝና አትመኑኝ፤ ይሞከር!»

ደገፋም ሞጆን አውጥቶ ማሽኑን አስነሣ። ማተሚያው አጓራ፤ ገርባም ወረቀቱን ቦጭቆ አንሥቶ በታላቅ ድምፅ አወጀ፦ «የዝዋይ ቲማቲም ወደ ቆዳ ፋብሪካ! ቆዳው ወደ ሆስፒታል ወጥ ቤት! በሽተኞች ሆይ፣ ጥርሳችሁን ሳሉ!»

የሳቀ ግን አልነበረም፤ አቶ አብተው ከመሄዳቸው በፊት ያስተካከሉት ነገር ይህ የሞጆ ቆጥሮ መቆም እንደነበረ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶታልና። የደገፋም አዋጅ ከአዋጆች ሁሉ አጠረ፦ «ትመለስ።» ሞጆም ተመለሰች፤ ቲማቲሙም ወደ ገበያው፣ ቆዳውም ወደ ፋብሪካው ዞረ። ደገፋ በገዛ እጁ ከአጠገቧ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፈው፣ ሰው ግን የሚያነበው ቃል ጻፈላት፦ «እዚህ የሚቆመው መጪው እስኪያልፍ ነው። አትንኩ።» ከጽዳቱ ሁሉ አስኳሉን ለሰፊው ሕዝብ ያበራው ይህ ቃል ነበረ። ወይዘሮ ዘውድነሽም አማትበው ፈረሙ።

የቲማቲሙም ቀን በደረሰ ጊዜ መኪኖቹ ሁሉ ወደተላኩበት ደረሱ። ጓድ ወልደአማኑኤል ከእንቅልፋቸው ነቅተው ድሉ የአመራሩ መሆኑን አወጁ፤ ለአሰብም ሰው ከሌላ መሥሪያ ቤት እንዲፈለግ አዘዙ። ሙሉብርሃንም እናቷ ቀስቅሰዋት፣ እናቷ አብልተዋት፣ እናቷ እስከ በሩ ሸኝተዋት ለፈተና ተቀመጠች።

እንግዲህ ሰላም ለዓይንሽ፣ ያልመጣውን አስቀድሞ ላየ፤ ሰላም ለጣትሽ፣ መስመር ሳይዘል ለተከተለ፤ ሰላም ለፍርሃትሽ፣ የጀግኖች ድፍረት ያልጠበቀውን ቲማቲም ለጠበቀ፤ የሞጆ ጠበቃ፣ የደገፋ መካሪ፣ የአስኳሉ እናት ዘውድነሽ ሆይ፣ ዘመንሽ እንደ ሐዲዱ ይርዘም! በዚያው ቀን ወደ ቤት ገብተሽ ሻንጣውን ፈትተሻልና፤ ስሷን ቀሚስ ብቻ፣ ለማንኛውም ብለሽ፣ እዚያው ትተሻታል።